ደረቱን ያዋሰው ዘበኛ

ሐኪሙን ሰው ሁሉ «መስኮት» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ግን ማንም አይደፍርም። ስሙ የወጣላቸው ራጅ የሚያነቡት በመስኮት ብርሃን ስለሆነ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊልሙን ወደ መስታወቱ ያነሱና፣ ወረፋ የያዘው ሕመምተኛ ሁሉ እያያቸው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው «እህም» ይላሉ። ያቺን «እህም» ሰምቶ ግማሽ ሕመሙ የለቀቀው ሰው ብዙ ነው።

ሰሞኑን ታዲያ ክሊኒኩ አዲስ ነገር ጀመረ። ራጅ አንሺዋ ምስሉን በኢንተርኔት ትልከዋለች፤ ሩቅ ከተማ ያለች የራጅ ሐኪም አይታው መልሱን በዚያው ቀን ትጽፋለች። ይህን ጉድ ያመጡት የክሊኒኩ ዋና ነርስ ናቸው። ዋና ነርሷ ደግሞ የመስኮት ሚስት ናቸው፤ ነገሩ የከረረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የባላቸውን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። «ታከም እንጂ» ሲሏቸው «እኔ ከሄድኩ ራጁን ማን ያነባል?» ይላሉ፤ ክርክሩም በዚሁ ይዘጋል። አሁን የሚያነብ ተገኘ። መስኮት ማመካኛቸውን የነጠቀቻቸውን ሴት ገና መልኳን ሳያዩ ጠመዷት። ሕመምተኛውን ሳትዳስስ፣ ሳሉን ሳትሰማ ምኑን አወቀችው እያሉ ምሳ ላይ ሲነጫነጩ ሚስትየው ውርርድ አቀረቡ፤ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ከተሳሳተች ነገሩ ይቀራል፣ ወሩ እስኪያልቅ ካልተሳሳተች ግን ሐኪሙ ዓይናቸውን ይታከማሉ። መስኮት ተስማሙ። ሰው ስሕተት አያጣም፤ ካጣም እሳቸው ይፈልጉለታል።

በዚያው ሰሞን የበሩ ዘበኛ ሳል ይዞት ራጅ ተነስቶ ነበር። መስኮት ፊልሙን በብርሃን አይተው «እህም፣ ንጹሕ ነው» ብለው ሽሮፕ ሰጥተውታል። ዘበኛው በወጣትነቱ ከዛፍ ወድቆ አንድ የጎን አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል፤ ችኩል ሰው አዲስ ስብራት ነው ሊል ይችላል። ለወጥመድ ከዚህ የተሻለ ደረት ከየት ይመጣል? ደረቱን እንዲያውሳቸው ጠየቁት። እስኪመልሱለት በምን እንደሚተነፍስ ጠይቆ ፈቀደ፤ ምስሉም ለሴትዮዋ ተላከ።

መልሱ ከሰዓት መጣ። የኮምፒውተሩ ፊደል ለመስኮት የጉንዳን ሰልፍ ነው፤ ስለዚህ መነጽር ረስቻለሁ ብለው ራጅ አንሺዋን አስነበቡ። «የቆየ የጎን አጥንት ስብራት፣ ተጣሞ የገጠመ» ብላ ስትጀምር «በቃ፣ በቃ» አሏት። የሩቋ ሐኪም ትክክል መሆኗን ለመስማት ትዕግሥት አልነበራቸውም።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። መስኮት ግን ጠለቅ አደረጉት። ያንኑ ምስል እንደገና አስላኩት፤ ዘበኛውን በዕድሜ የገፉ እናት አድርገው፣ የሴት ስም አውጥተውለት። ሴትዮዋ እንግዲህ ሁለት ሰው ነው ብላ አንዱን ደረት ሁለት ዓይነት ታነበዋለች ብለው ቀኑን ሙሉ በደስታ እጃቸውን ሲያፋትጉ ዋሉ።

ሁለተኛውን መልስ ቀድመው ያገኙት ሚስትየው ነበሩ። በባላቸው ፊት ቆመው ጮክ ብለው አነበቡት።

«እኚህ እናት የጎን አጥንታቸውን ባለፈው ከላካችሁልኝ ሰውዬ የተዋሱ ይመስለኛል።»

ሚስትየው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀጣዩን መስመር አዩና ሳቃቸው ተቋረጠ።

«ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ባለፈው የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ያለ አልመሰለኝም። የግራው ሳንባ አናት ላይ ትንሽ ጥላ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። የዚህ ደረት ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ አክታው ዛሬውኑ ይመርመር።»

መስኮት ፊልሙን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አንገታቸውን ዘመም አደረጉ፤ «እህም» ግን አላሉም። ሚስትየው ጣታቸውን ጥላው ላይ አሳረፉ። ለሐኪሙ እዚያም ያለው እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ ጉም ነበር። ፈሩ። ከዚያም አፈሩ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ የጎዳቸው እፍረቱ ነው።

የዘበኛው አክታ ተመረመረ፣ በሽታውም ተገኘ። ገና ጅምሩ ላይ ስለተደረሰበት መድኃኒቱን በወጉ ከወሰደ ይድናል። ይህን ሊነግሩት መስኮት ራሳቸው ወደ በሩ ወረዱ።

«ፊልምህን አይቼው ነበር፤ ጥላውን ግን አላየሁትም» አሉት። «ይባስ ብዬ ሴትዮዋን ላሳስት ስል እናት አድርጌ ላክሁህ።»

ዘበኛው ትንሽ አሰበበት። «ለመሆኑ ስንት ወልጄ ነበር?»

«አንተ ደግሞ። ይቅር በለኝ እያልኩህ ነው።»

«እንደማያዩማ አውቃለሁ፣ ዶክተር። ካምና ጀምሮ ጠዋት ሲገቡ ሰላም የሚሉት ያንን ምሰሶ ነው።»

መስኮት ዞሩ። ምሰሶው የሰው ቁመት አለው፤ የዘበኛው አሮጌ ካፖርት ተሰቅሎበታል።

«እና ‹ደህና አደሩ› እያለ ሲመልስልኝ የከረመውስ?»

«እኔ ነኛ። ምሰሶው ባለጌ እንዳይባል ብዬ።»

ሰኞ መስኮት ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ዓይናቸውን ሊታከሙ ተነሱ። ራጁን ያቺ ሩቅ ያለች ሴት ታነበዋለች፤ እሳቸውም ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልሻከረም። በሩ ላይ ሁለት ጥቁር ነገሮች ቆመው ታዩዋቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ስላልለዩ፣ ለሁለቱም ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ብለው ወጡ።