ለካሜራ የተጎረሰ ጉርሻ

የቡሬው የሮክ ባንድ አንድም ዘፈን ጨርሶ አያውቅም። ጊታሩ ሲሞቅ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ዘፋኙ ክንዱ ይጠፋል። ባሕር ዳር ፊልም የተማረው የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ምስክር ይህን ሰምቶ እየሳቀ መጣና፣ በባንዱ ላይ የሚያላግጥ፣ የእውነት ዘጋቢ ፊልም የሚመስል ቀልድ ልሥራባችሁ አለ። ሁሉም ተስማሙ። ከመረሳት መሳቂያ መሆን ይሻላል ያሉ ይመስላል።

ከበሮ መቺዋ አሪፋ ናት፤ ቡሬ ገበያ እህል የሚነግዱት የሐጂ ሰዓድ ልጅ። ከባንዱ አራት አባላት ምት የምትጠብቀው እሷ ብቻ ናት። ሆኖም ለሌሎቹ ቀልድ ሲጻፍላቸው ለእሷ የተጻፈላት ሂጃቧ ብቻ ነበር።

«የኔስ የሚያስቅ ነገር የታለ?» አለችው።

«አንቺማ ብዝኃነታችን ነሽ» አላት ምስክር፣ ሹመት የሰጣት ይመስል።

ስትነዘንዘው ጊዜ ግን ቃል ገባላት፦ እሑድ የሚቀረጸውን፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚበሉበትን የአንድነት ገበታ በደንብ ከተወነችለት፣ ብቻዋን ካሜራ ፊት ተቀምጣ የፈለገችውን ትቀልዳለች። አሪፋ ደግሞ ቀልድ ታውቃለች፤ ኮስታራውን አባቷን ሳይቀር በሳቅ የምታፈርስ ልጅ ናት። ይቺን ተራ ከምንም በላይ ፈለገቻት።

እሑድ ገጠር ወረዱ፣ የክንዱ እናት እትዬ ሀብትነሽ ቤት። በግ ታርዷል። እትዬ ሀብትነሽ አሪፋን ገና በር ላይ ስመው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ያንቺ ለብቻው ነው የኔ ልጅ። ጎረቤታችን አብዱልሀኪም ቢስሚላሂ ብሎ ዶሮ አርዶልሽ፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ሠርታልሻለች» አሏት። በዚያ አገር እስላም እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ አድርጉ ብሎ መንገር አያስፈልግም።

ምስክር ሰማና ፊቱን አጨማደደ። «ሁለት ገበታ ከታየማ ምኑን አንድነት ሆነ? አሪፋ፣ የምትበዪ አስመስዪ። ከዚያ ያንቺ ተራ ነው።»

እሺ አለች።

ካሜራው ተከፈተ። አራቱ ትሪውን ከበቡ። እሷ ባዶ እጇን ወደ አፏ ስታመላልስ፣ ክንዱ በትወናው ግሎ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና አፏ ላይ ደቀነው። «ጉርሻ አይመለስም!» አለ። ካሜራው አፍጥጦባታል። አፏን ከፈተች። ቀና ስትል እትዬ ሀብትነሽ የተከደነ ድስት ይዘው ጓዳው በር ላይ ቆመው ያዩዋታል።

ቀረጻው እንደቆመ ወጥታ አጥሩ ሥር ተፋችው። አፏን ደጋግማ ተጉመጠመጠች። ስትመለስ ሴትዮዋ እዚያው ናቸው።

«የኛን ሥጋ ትበያለሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

ተፋሁት ብትል ማዕዳቸውን ተጸየፈች፤ ልጅዎ አጎረሰኝ ብትል እናትና ልጅ አጣላች። አፈረችና አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«አዎ እትዬ፣ እበላለሁ። እኔ ግድ የለኝም።»

«እኔስ ታዲያ ዶሮውን ለማን አሳረድሁት?» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም። መጋረጃውን ገልጠው ወደ ጓዳ ዞሩ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። አብዱልሀኪም ነበሩ። እንግዳዋ ብቻዋን እንዳትበላ ብለው አብረዋት ሊቆርሱ መጥተው ነው። ሁሉንም ሰምተዋል።

ሽማግሌው ተነሥተው ድስቱን ተቀበሉ። «አባትሽን አውቀዋለሁ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አይዞሽ፣ አልነግረውም።»

አልዋጥሁትም ልትላቸው ፈለገች። እትዬ ሀብትነሽ ግን አጠገቧ ቆመዋል። ሽማግሌው ድስታቸውን እንደያዙ በጓሮ በኩል ወጡ። አሪፋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አሪፋ! ነይ፣ ያንቺ ተራ ነው!» ብሎ ምስክር ተጣራ።

ካሜራው ፊት ወንበር ተቀምጦላታል። ተቀመጠች። ቀልዷን ልትጀምር አፏን ከፈተች። እንባዋ መጣ፤ በሂጃቧ ጫፍ ጠረገችው፤ ሌላም መጣ። መጀመሪያ ክንዱ ቀልዷ መስሎት ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እንዳታቋርጪ!» አለ ምስክር ከካሜራው ጀርባ እየተንፈቀፈቀ። «እስካሁን ከቀረጽነው ሁሉ የሚያስቀው ይኼ ነው።»