ዩኒፎርም የማይለበስበት አርብ

ሊንዚ ስህተቷን ያየችው ቴስ የትምህርት ቤቱን በር አልፋ ከገባች በኋላ ነው። ግቢው በቀለም ተጥለቅልቋል፤ የኳስ ማልያ፣ ቢጫ ቀሚስ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ግራጫ ጉርድና ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የእሷ ልጅ። ዕለቱ ዩኒፎርም የማይለበስበት አርብ ነው። መልእክቱ ሰኞ ስልኳ ላይ ገብቶ አንብባዋለች፤ ከዚያ ረሳችው። "ቴስ" ብላ ብትጣራም ደወሉ ድምጿን ዋጠው።

የዘጠኝ ዓመቷ ቴስ ሲስቁባት አትችልም። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ከትምህርት ታግዳለች፤ አንዴ ወንበር ወርውራ፣ አንዴ የመስኮት መስታወት ሰብራ። ለሦስተኛ ጊዜ ከደገመች እዚህ መቆየቷ እንደሚያበቃ ርእሰ መምህሩ ለሊንዚ በትህትና ነግረዋታል። ትምህርት ቤቱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። "ጎጆ" የሚሏት ትንሽ ክፍል አለች፤ ሶፋ፣ የዳቦ መጥበሻና ሚስ ኦልደስ የሚባሉ ረጋ ያሉ መምህርት ያሉባት። ለቴስ አረንጓዴ ካርድ ሰጥተዋታል። ንዴቱ ሲመጣባት ካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ጎጆ መሄድ ትችላለች። ቴስ ግን "የሕፃን ነገር ነው" እያለች አንድም ቀን ከኪሷ አውጥታው አታውቅም።

ሊንዚ አውቶቡስ ላይ ሆና ወደ ትምህርት ቤቱ ብትደውል መስመሩ ተይዟል። የምትሠራበት የግሪምስቢ ከተማ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቅድም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋው ገባች።

"ዛሬ ፊትሽ የሞተ ዓሣ መስሏል" አለቻት አጠገቧ የምትቆመው ጂል።

"ልጄን ዛሬ ያባርሯታል።"

"ደወሉልሽ?"

"ይደውላሉ።"

"እንግዲያው ሳይደውሉ አትቅበሪያት።"

የሊንዚ እምነት ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው። ምሳ ሰዓት ቁም ሣጥኗን ስትከፍት ስልኩ ሁለት ያመለጡ ጥሪዎች አሳያት፤ ሁለቱም ከትምህርት ቤቱ። ግድግዳውን ተደግፋ ደወለች።

"ሚስ ኦልደስ ነኝ። ተቀምጠሻል?"

"ማንን ነው የመታችው?"

"ማንንም። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።"

ሊንዚ አጠገቧ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ብቻዋን መጥታ 'እዚያ ብቆይ የሆነ ነገር እሰብራለሁ' አለችኝ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ ጠበሰች፤ አንዱን አሳረረችው፣ እሱንም በላችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እኔ አላደረስኳትም።"

"ለዚህ ነው ሁለቴ የደወሉት?"

"ለክፉው ስንት ጊዜ ደውለንልሻል። ለደጉስ ማን ይደውል?"

ሊንዚ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ጂል ቀና ብላ አየቻትና "ዓሣው ነፍስ ዘራ" አለች።

ከሰዓት በኋላ ቴስ ከትምህርት ቤቱ በር የወጣችው ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ነው።

"አንቺ ነሽ የረሳሽው።"

"እኔ ነኝ። ይቅርታ የኔ እመቤት።"

"ዳርሲ ክፍል ውስጥ ዩኒፎርሜን አይታ 'ፖስተኛዋ መጣች' ብላ አሳቀችብኝ። ካርዱን አስቀመጥኩ። ወጣሁ።"

"ስትመለሺስ?"

"'ያንቺ ደብዳቤ ጠፍቷል' አልኳት። እሷ ራሷ ሳቀች።"

ሊንዚ መንገዱ ላይ ቆማ፣ አላፊ አግዳሚው ዞሮ እስኪያያት ድረስ ሳቀች።

ባለፈው ጥር ቴስ ተናድዳ በሌሊት ከቤት ከወጣች ወዲህ፣ የውጭው በር ቁልፍ የሚያድረው ሊንዚ ትራስ ሥር ነው። ዛሬም ከእራት በኋላ ቁልፉን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ቴስ ፒጃማዋን ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማ ታያታለች። ሊንዚ አመነታች፤ ክፉ ክፉው ሁሉ ባንዴ ዓይኗ ላይ መጣ። ከዚያ ዞራ ቁልፉን ዘረጋችላት።

"ዛሬ አንቺ ቆልፊው።"

"ከቆለፍኩ በኋላስ የት ላድርገው?"

"እዚያው በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ስቀይው።"

ቴስ ደረጃውን ወርዳ ቁልፉን አዞረች። እናቷ ማታ ማታ እንደምታደርገው በሩን ሁለቴ ገፋ አድርጋ ሞከረችው፤ ተቆልፏል። ከዚያ ቁልፉን በራሷ ቁመት ልክ ያለው ምስማር ላይ አንጠለጠለችው።