በበረዶ የመጣው ደም

ማሽኑ ቁጥሩን ሲያወጣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ስድስት ነጥብ ስምንት።

ላክቴት ይሉታል። ሰውነት በኢንፌክሽን ተጨንቆ አየር ሲያጥረው ደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ ነው። ከሁለት በታች ከሆነ ሰላም ነው፤ አራትን ካለፈ ሐኪም ይሮጣል። በላቦራቶሪው አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ፣ ቁጥሩ እየጨመረ የሄደባቸውን በሽተኞች ስም ብዙ ጊዜ በማግስቱ ከአልጋ ዝርዝር ላይ አጥታዋለች። አሁን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው የአባቷ ስም ነው።

አባቷ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሽንታቸው እያቃጠላቸው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ "ብርድ ነው፣ ይለቀኛል" እያሉ ሁሉንም ሸወዱ። ዛሬ ጠዋት ታላቅ እህቷ በታክሲ ጭና ድንገተኛ ክፍል አስገባቻቸው።

ደንቡ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ወዲያው ወደ ክፍሉ ይደወላል፤ ተቀባዩም ስህተት እንዳይኖር ቁጥሩን መልሶ ያነባል። ስልኩን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ለላክቴት የሚቀዳ ደም በበረዶ ተከቦ መምጣት አለበት። ሙቀት ካገኘው፣ ወይም ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ከተቀዳ ቁጥሩ በሐሰት ያድጋል። ብልቃጡ የመጣበትን የበረዶ ኩባያ አየችው፤ በረዶው ጥቂት ቀልጧል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሌላ ሰው ደም ቢሆን ኖሮ በዚህች ምክንያት አትጥለውም ነበር።

ደወለች። "ናሙናው አላማረኝም። እንደገና ቅዱልኝ።"

"እህቴ፣ በረዶውን እኮ የሞላሁት እኔ ራሴ ነኝ" አላት የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ።

"ቀልጧል።"

"እሺ፣ ለጊዜው ስንት አለ?"

"አልወጣም" አለችው።

ነርሱ አልተከራከራትም። በጥንቃቄዋ ወደር የላትም፤ ባልደረቦቿ "ይደገም" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ እሷን አልጥም ያላት ደም የተጠረጠረ ደም ነው። ያ ሁሉ ዓመት የገነባችው እምነት ለአንዲት ውሸት መከታ ሆናት።

ሁለተኛው ብልቃጥ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ። ይዛው የመጣችው እህቷ ናት፤ ኩባያውን በሁለት እጇ አቅፋ በመስኮቱ አቀበለቻት።

"ሥሩ ጠፋ ብለው አራት ቦታ ወጉት" አለች እህቷ። "አባዬን ታውቂው የለ? 'ይቺ ልጄ ደሜን ትሸጠዋለች እንዴ?' ብሎ ነርሱን አሳቀው።"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ።

"ለጎረቤቱ ሁሉ አታስቡ ብያለሁ" አለች እህቷ። "እህቴ እዚያ ናት፣ አባዬ ምንም አይሆንም ብያቸዋለሁ። ልክ ነኝ አይደል?"

"ሂጂ አጠገቡ ሁኚ እታለም፣ እመጣለሁ።"

ዘጠኝ ነጥብ አንድ። አሁን በበረዶው ማሳበብ አልቻለችም፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ደውላ ሁለቱንም ቁጥር ተናገረች። ነርሱ መልሶ አነበበላት። ከዚያም፣ "የመጀመሪያው መቼ ነው የወጣው?" ብሎ ጠየቃት።

"ያኔ ስደውልልህ ወጥቶ ነበር።"

 ስልኩን ዘግታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

የአባቷ ጉልበት እንደ እምነ በረድ ተዥጎርጉሯል። ስትነካቸው ይቀዘቅዛሉ። ተረኛዋን ዶክተር ወደ መጋረጃው ጠርታ ያደረገችውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት። ዶክተሯ ግንባሯን በመዳፏ አሸች።

"የኢንፌክሽኑን መድኃኒት ገና ሲገቡ፣ ሁኔታቸውን አይተን ጀምረናል" አለች።

"አርባው ደቂቃስ?"

"የደም ግፊታቸውን ከፍ የሚያደርገውን መድኃኒት ቀደም ብዬ እጀምረው ነበር። ያድናቸው ነበር ወይ ብትዪኝ ግን አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም። አሁን በእጃችን ያለውን ሁሉ ሰጥተናቸዋል።"

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። አላውቅም የሚል መልስ ይግባኝ የለውም።

አባቷ ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉ። "ምን አለ ወረቀትሽ?"

"ከፍ ብሏል አባዬ።"

"ከፍ ሲል ደግ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲህ ሞተሩ ግሏል በይኛ" አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ከንፈራቸው ደርቆ ጥርሳቸው ላይ ተጣበቀ። እርጥብ ጥጥ አምጥታ አረጠበችላቸው። ይህን ማንም ያደርገዋል፤ አሥራ አንድ ዓመት መሥራትን አይጠይቅም።

ነርሱ ማሰሪያ ላስቲክ፣ መርፌና ሦስተኛ ብልቃጥ ይዞ መጣ፤ ተከታዩ የሚቀዳበት ሰዓት ደርሷል። ሁለቱም ክንዶች ጠቁረዋል። ብርድ ልብሱን ገልጦ በእግራቸው ጀርባ ላይ ሥር ይፈልግ ጀመር። መርፌው ሲነካቸው አባቷ፣ "ኧረ በቃኝ ልጆቼ" አሉ፤ ድምፃቸው የሕፃን ሆኖ ነበር።

"ይቀዳ!" አለች እህቷ። "ምናልባት ወርዶ ይሆናል። ንገሪያቸው እንጂ አንቺ!"

እሷም እንዲቀዳ ፈለገች። ከሁሉም በላይ እሷ ፈለገች፤ አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ወደ ዶክተሯ ዞረች።

"ቁጥሩ ቢጨምርም ቢቀንስም፣ የምትቀይሪላቸው ነገር አለ?"

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። የለም።

"ተዋቸው ወንድሜ፣ አትውጋቸው" አለችው ነርሱን።

"ምን ማለትሽ ነው?" እህቷ ክንዷን ያዘቻት። "ታዲያ በምን እናውቃለን?"

"ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ፣ እታለም።"

እህቷ ክንዷን ለቀቀቻት። እሷ ባዶውን ብልቃጥ ከነርሱ እጅ ወስዳ ኪሷ ከተተችው፤ ከዚያም ብርድ ልብሱን ጎትታ የአባቷን እግር ሸፈነች።