የምሳው ዕድሜ

“የማን ምሳው?” አሉ አባ ቅጣው፣ ቅጹን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው።

“የእኔ ልጅ ነዋ አባ። እርስዎ ያጠመቁት” አለች ወለተ ሰንበት ፈጠን ብላ።

ከኋላዋ የቆመው ምሳው ፈገግ አለ። ከሰቆጣ እስከ ደሴ ስሙን የማያውቅ ሰው የቀረ አይመስለውም ነበር። ቢኮራም አይፈረድበትም፤ በዞኖች ውድድር በሦስት ጨዋታ አምስት ጎል አግብቷል። ካሤ የሚባል የደሴ አሠልጣኝ ከሃያ ዓመት በታች ለሆነው ቡድኑ አጥቂ እንደሚፈልግ ነግሮት፣ የጥምቀት ማስረጃውን ይዞ እስከ ሰኞ እንዲመጣ ቀጥሮታል። እናቱ ከጧት ጀምራ ብቻዬን ልሂድ እያለች ስትወተውተው ነበር። እሱ መች የሚሰማ ሆኖ!

የነፍስ አባታቸው አባ ቅጣው ጽፈው የደብሩን ማኅተም ካሳረፉበት ነገሩ አለቀ። ሽማግሌው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

“ምሳውንማ ቆረም ላይ በዚህ እጄ ቀበርሁት። ለሞተ ሕፃን ምን ማስረጃ ይጻፋል?”

ምሳው ሳቀ። ጃጅተዋል አለ በልቡ። ከዚያ ዞር ብሎ እናቱን ሲያይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

“እማየ፣ ምንድን ነው የሚሉት?”

አባ ቅጣው ምን እንዳመለጣቸው የገባቸው ያን ጊዜ ነው። አንገታቸውን ደፉ።

ወለተ ሰንበት ደጀ ሰላሙ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነገረችው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአባ ቅጣው ጋር ተሰዳ ቆረም መጠለያ ገብታ ነበር። የአንድ ዓመት ልጇ ምሳው እዚያው እቅፏ ላይ ሞተ። በማግስቱ ከአንዲት የማትታወቅ ሴት ሬሳ አጠገብ የተቀመጠ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አገኘች። የሚጠይቀው ዘመድ ጠፋ። አዝላው ወደ ሰቆጣ ተመለሰች፤ ክርስትና መነሳቱን የሚያውቅ ስላልነበረ አባ ቅጣው አጠመቁት፤ እሷም የቀበረችውን ልጅ ስም ሰጠችው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ በሆዱ ይዞት ኖሯል።

ምሳው ግድግዳውን ተደገፈ። ስሙ የሌላ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ እያለ የቆጠረው ዕድሜም የሌላ ነው። ወላጁ የመሰለችው ሴት ፊት ለፊቱ ታለቅሳለች።

“የተወለደበትን ጥር ሰባ ስድስት ብለው ይጻፉለት አባ” አለች። “ደሴ ላይ የሚያውቅበት የለም። እንጀራው አይቅርበት።”

አባ ቅጣው ምሳውን ያዩት ጀመር። ሰባ ስድስት ከተባለ ሰኞ የቡድኑ አጥቂ ነው። እውነቱ ከተጻፈ ግን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነውና ካሤ ዞር ብሎም ላያየው ይችላል።

“የሕፃኑን ስም ወስጄበታለሁ” አለ ምሳው፤ “ዕድሜውንም አልወስድበትም። ሰባ አራት ይበሉት።”

“አሠልጣኙስ?” አለች።

“እሄዳለሁ። ከትልልቆቹ ጋር ሞክረኝ እለዋለሁ። እንቢ ካለኝ መመለስ ነው።”

አባ ቅጣው ጻፉ። ቀጣዩ መስመር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ለሠላሳ ዓመት ንስሐዋን የተቀበሏት ሴት ፊታቸው ተቀምጣ እያለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

“የእናት ስም?”

ወለተ ሰንበት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ወለተ ሰንበት ብለው ይጻፉ” አለ ምሳው።