ለወይዘሮ ዓለምጌጥ የተነዱ ሁለት ብስክሌቶች

ጥዑመልሳን ብሎ ስም ያወጣለት ቄስ ዳላስ ድረስ መጥቶ ቢሰማው ኖሮ ስሙን መልሶ ይወስድበት ነበር። ሰርካዲስ ስድስት ዓመት ሚስቱ ሆና ያን ምላስ ችላለች፤ ከተፋቱ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለካንሰር ሕሙማን መርጃ በተዘጋጀው የብስክሌት ጉዞ ላይ፣ ምላሱ እንደገና አገኛት።

«አንቺ ደግሞ ለማን ብለሽ ነው?» አላት።

ተሳታፊ ሁሉ የሚነዳለትን ሰው ስም ጽፎ ጀርባው ላይ ይለጥፋል። የሁለቱም ወረቀት «ዓለምጌጥ» ይላል። የእሱ እናት ናቸው።

«ለእሳቸው ነዋ!»

«የእናቴን ስም ማን ፈቀደልሽ? አንሺው!»

«አላነሳም። ትችል እንደሆነ ሞክር።»

ወይዘሮ ዓለምጌጥ ረቡዕ ዕለት አዲስ አበባ ላይ አርፈዋል። ሰርካዲስ ታውቃለች፤ ልጃቸው አያውቅም። እህቱ ከዚያ ደውላ ያለቀሰችው ለእሱ ሳይሆን ለቀድሞ ሚስቱ ነበር። ሰርካዲስም እንደ ደንቡ ለሽማግሌው ለአቶ መንገሻ ነገረች። እሳቸው መርዶው እሑድ ሊነጋጋ ሲል ይነገረው ብለው ቆረጡ። እሑድ ሰው ሁሉ ከሥራ ያርፋል፣ ቤቱም ይሞላል። ታክሲውን ይዞ ወደ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ሲበር ቢሰማ ግን ራሱንም ተሳፋሪውንም ይጨርሳል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባለ። «አንቺም ከብስክሌቱ ቅሪ፤ ፊትሽ ያሳብቃል» ብለዋት ነበር። አልቀረችም። ነገ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ለተፋታች ሚስት ቦታ የለም፤ መንገዱ ግን የማንም አይደለም።

ጥዑመልሳን ቀድሟት መሄድ ሲችል አጠገቧ እየነዳ ለከፋት።

«ታማ እያለች ወደ አገሯ ያባረርሻት አንቺ ነሽ። በአንቺ ጭቅጭቅ ነው የሄደችው!»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል! ሴትዮዋ እነሱ ዘንድ ሲኖሩ፣ እሱ ኤርፖርት ተሰልፎ ሲውል፣ ሐኪም ቤት ያመላለሰቻቸው፣ ጸጉራቸው ሲረግፍ ሻሽ ያሰረችላቸው ማን ነበር? ሰርካዲስ ጥርሷን ነክሳ ፔዳሉን ረገጠች። አንድ ቃል ብትተነፍስ እዚያው ከብስክሌቱ እንደሚወድቅ ታውቃለች፤ እውነት ለመናገር፣ ሲወድቅ ማየትም አምሯታል።

ውኃ የሚታደልበት ቦታ ደርሰው ወረዱ። አቶ መንገሻ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሆነው ብርጭቆ ያቀብላሉ። ሰርካዲስን ሲያዩ ከንፈራቸውን ነከሱባት።

«ዛሬ ማታ ለእናቴ ኮል አደርግላታለሁ» አለ ጥዑመልሳን፣ ውኃውን ይዞ ወደ እሷ ዞር ብሎ። «እህቴ ሁልጊዜ ተኝታለች ነው የምትለኝ። ሶ፣ ዛሬ ቀስቅሺልኝ እላታለሁ። ስምሽን ጀርባዋ ላይ ለጥፋ ታስመስላለች ብዬ እነግራታለሁ። ትረግምሻለች!»

«አትደውል።»

አምልጧት ነው።

«ለምን?»

ሰርካዲስ ውሸት ፈለገች፤ አጣች። በስድስት ዓመት ትዳር አንድም ቀን መልስ አጥታለት አታውቅም፤ ለአንድ ስድብ ሁለት የምትመልስ ሴት ናት። አሁን ግን ዝም ብላ መሬት መሬቱን አየች። እሱም ዝምታዋን አየ።

«መቼ?» አለ።

«ረቡዕ።»

አልጮኸም። አቶ መንገሻን አሻግሮ አያቸው፤ እሳቸው ከአንድ ፈረንጅ ጋር ይሳሳቃሉ።

«ነገ ነው የሚመጡት?»

«ሊነጋጋ ሲል።»

«ኦኬ። እንዳልሰማ ሆኜ እከፍትላቸዋለሁ። አንቺ ነገርሽኝ አልልም።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ግን ስሚ፤ ከሰው ሁሉ ካንቺ አፍ መስማቴን እስክሞት ይቅር አልልሽም።»

ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ። ጀርባው ላይ ያለው ስም ዳገቱን እስኪያልፍ ድረስ አየችው። እሷም ይቅር አላለችውም።

አቶ መንገሻ ሮጥ ብለው መጡና ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ! ምስጢሩን ቻልሽው እኮ!»

«አዎ፣ አባባ» አለች።

ነገ እሱ ሲጮህ ግራና ቀኝ ክንዱን የሚይዝለት ሰው ሞልቷል። እሷን ያረዳት ስልክ ነው፤ ቆማ ሰምታ፣ ዘግታ፣ የሌሊት ሥራዋ ገባች። መነጽሯን አድርጋ ብስክሌቷ ላይ ወጣች፤ ቀሪውን መንገድ ሁሉ ድምፅዋን አውጥታ እያለቀሰች ነዳች፤ የሚያልፏት ፈረንጆች ደክሟት መስሏቸው «በርቺ!» አሏት።