ሁለተኛዋ መኪና አትሄድም

ሃምሳ አለቃ ሮንዳ ክሌስታድ የአየር ኃይል ልብስ ለብሳ የሕዋ ኃይልን መንገድ የምትጠርግ ሴት ነበረች። በአሜሪካ፣ በኖርዝ ዳኮታ ሜዳ ላይ የቆመው የኮልድ ፎርክ ጣቢያ ሰማዩን ያለ እረፍት የሚያይ አንድ ግዙፍ ራዳር አለው። ራዳሩም፣ ራዳሩ ላይ ተረኛ ሆነው የሚቀመጡት ወታደሮችም የሕዋ ኃይል ናቸው። ነገር ግን የሕዋ ኃይል የራሱ ሐኪም የለውም፤ ቄስም፣ ቧንቧ ጠጋኝም፣ በረዶ ጠራጊም የለውም። ይህን ሁሉ የሚያቀርብለት ታላቅ ወንድሙ አየር ኃይል ነው። ሁለቱም ከአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ያደሩ፣ ከአንድ ማጀት የሚበሉ ናቸው። ታናሹ ሰማዩን ይጠብቃል፣ ታላቁ ጓዳውን ይይዝለታል።

ስለዚህ ሮንዳ ሁለት አለቃ ነበራት። በየቀኑ የምታገለግለው የጣቢያውን አዛዥ፣ የሕዋ ኃይሉን ሻለቃ አማዶርን ነው። ግምገማዋን የሚጽፈውና እድገቷን በእጁ የያዘው ግን ዘጠና ማይል ርቆ በዋናው የአየር ሰፈር የተቀመጠው ሌተና ኮሎኔል ዊትኮም ነው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። የሮንዳ ባላዎች ግን አንደኛው ሲነቃነቅ ሌላውም አብሮ ይነቃነቅ ነበር።

በየካቲት ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ዊትኮም ደወለላት።

«ከአምስቱ በረዶ ጠራጊዎቼ ሦስቱ ተበላሽተዋል» አላት። «ዓርብ ጄኔራል ይመጣል፣ አውሮፕላኖቹም ልምምድ አላቸው። ያንቺን ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ነገ የሚጭናቸው ሎቤድ እልካለሁ።»

«አንዷን ይውሰዱ ጌታዬ። አዲሷን እሰጥዎታለሁ። ሁለተኛዋ ግን አትሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«ሐሙስ ዶፍ በረዶ ይመጣል። ከጣቢያው እስከ አውራ ጎዳናው አሥራ አራት ማይል ነው። እሱ ከተዘጋ ፈረቃ አይቀየርም፤ ራዳሩ ላይ የገባ ሰው እዚያው ይቀራል።»

«ስለ ፈረቃቸው እነሱ ይጨነቁ። አንቺ ደረት ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«አየር ኃይል።»

«እንግዲያው?»

«እንግዲያው አየር ኃይል የፈረመውን አከብራለኋ። የድጋፍ ስምምነቱ በረዶው ካቆመ በአራት ሰዓት ውስጥ መንገዱ ይከፈታል ይላል። እሱን ለመቀየር የስድስት ወር ማስታወቂያ ያስፈልጋል።»

«ግምገማሽን የሚጽፈው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«የእድገቱ ዝርዝር በግንቦት ይወጣል።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ትእዛዙን በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ እኔም በጽሑፍ እመልሳለሁ።»

ሮንዳ ስልኩን አስቀመጠች። አሥራ ሰባት ዓመት አገልግላለች፤ ለዚያች እድገት ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ሁለቱንም ጊዜ ሳታገኛት ቀርታለች። ጋራዡ ውስጥ ጎማ የሚፈትሸው ኬኒ ቤልጋርድ ሰምቷል። ኬኒ ወታደር አይደለም፤ እዚያው አገር ተወልዶ ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ከጣቢያው አዛዦች ሁሉ በላይ የቆየ ሾፌር ነው።

«አለቃዬ፣ ለነዚህ ዘበኞች ብለሽ እንጀራሽን ልታጪ ነው?» አላት። የሕዋ ኃይል ወታደሮች መጠሪያቸው «ጠባቂ» ነው፤ ኬኒ ግን ዘበኛ ከማለት ወደኋላ ብሎ አያውቅም።

«ለነሱ አይደለም። ሲገፉኝ ስለማልወድ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ኬኒ።

ሮንዳ በቀጥታ ወደ ሻለቃ አማዶር ቢሮ ሄደች። ሻለቃው ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ጠብ አይወድም። ነገሩን ከሰማ በኋላ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ላዝዝሽ አልችልም ሮንዳ። የእኔ አይደለሽም።»

«እንዲያዝዙኝ አልመጣሁም። ሁለተኛዋ መኪና ከወጣች ፈረቃ መቀየር እንደማይችሉ ጽፈው ይፈርሙልኝ።»

«ሐኪማችን ከዊትኮም ነው የሚመጣው። ማሞቂያውን የሚጠግነው፣ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ሳይቀር የሱ ነው። ነገ ወጪት ሰባሪ ብንባልስ?»

«ወጪቱ የጋራ ነው ጌታዬ። የሱ አውሮፕላኖች ጉም ውስጥ መንገዳቸውን የሚያገኙት በማን ነው? የእናንተ ሰዎች ሰማይ ላይ ባስቀመጧቸው ሳተላይቶች አይደለም እንዴ? እሱ ለእኛ ውለታ እየዋለ አይደለም። የእኛን ድርሻ ነው የሚሰጠን።»

አማዶር ወደ ጠረጴዛው ዞሮ አራት መስመር ጻፈና ፈረመ። «የሚመጣው ቢመጣ ስሜ አብሮሽ አለ» አላት።

በማግስቱ ሎቤዱ መጣ። አብሮት የመጣው ሻምበል ኦስትራንደር የሚባል ገና ፂሙን በቅጡ ያላበቀለ መኮንን ነው። አዲሷ መኪና ተጭና በሰንሰለት ታሰረች።

«የሁለተኛዋ ቁልፍስ?» አለ።

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ሁለት ነው የተባልኩት ሃምሳ አለቃ።»

«አንዷን ጭነዋል። ሁለተኛዋ አትሄድም።»

«ትእዛዝ እምቢ እያልሽ ነው?»

«አዎ ጌታዬ። ስሜን ሲጽፉ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው ክሌስታድን ይሳሳታል።»

ሻምበሉ በር ላይ ወደቆሙት ጥበቃዎች ዞረ። እነሱም የአየር ኃይል ልጆች ናቸው፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማ የሚወርዱበትን መንገድ ማን እንደሚጠርግላቸው ያውቃሉ። አንደኛው ጓንቱን ማስተካከል ጀመረ። ሮንዳ የሻለቃውን ወረቀት ለሻምበሉ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ስልክ ደወለ፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚጮኸውን ድምፅ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ሰማው።

«ይሄንን ወረቀት ይዤ ልሂድ?» አላት በመጨረሻ።

«ቅጂ ነው። ይውሰዱት።»

በረዶው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጀመረ። ነፋሱ ከሰሜን እየገፋ አጥሩን ዋጠው። ረቡዕ ማምሻውን ራዳሩ ላይ የገቡ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች እዚያው ቀሩ፤ በየተራ ወለል ላይ እየተኙ፣ የታሸገ ሾርባ እየተካፈሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። ተተኪዎቻቸውን የጫነው አውቶቡስ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ይጠብቃል። ዓርብ ቀትር ላይ በረዶውም ነፋሱም ቆመ። ሮንዳ ሰዓቷን አየችና ሞተሩን አስነሳች፤ ኬኒ አጠገቧ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው አምስት ማይል ደህና ሄደ። ስድስተኛው ላይ የፊት አካፋውን የሚያነሳው የዘይት ቱቦ ፈነዳና አካፋው ዘጭ ብሎ ወደቀ። ኬኒ ከመቀመጫው ኋላ ትርፍ ቱቦ አወጣና በረዶው ውስጥ ተጋደመ። ሮንዳ ባትሪ እያበራችለት፣ እጁ ሲደነዝዝ እሷ ቁልፉን እየተቀበለች፣ በአርባ ደቂቃ ቀየሩት።

«አዲሷን መስጠትሽ ግን ጅልነት ነው» አለ ኬኒ ጣቶቹን ሞተሩ ላይ እያሞቀ።

«ዝም በልና ግባ።»

በረዶው ባቆመ በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ውስጥ አውራ ጎዳናው ላይ ወጡ። አውቶቡሱ ተከትሏቸው ወደ ጣቢያው ገባ። አሥራ ዘጠኙ ሰዎች ዓይናቸው ቀልቶ ሲወጡ አንዲት ሴት ወታደር በበረዶ ጠራጊዋ መስኮት በኩል ቀና ብላ ሮንዳን አየች፤ የእጅ ሰላምታ ሰጠቻት። እንዲህ ያለ ሰላምታ የሚሰጠው ለመኮንን እንጂ ለሃምሳ አለቃ አይደለም። ሮንዳ ግን መለሰችላት።

በዋናው ሰፈርም ማኮብኮቢያው ተከፍቷል፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ። ጄኔራሉ ቡናውን እየጠጣ ጠበቀ። ልምምዱም ተካሄደ።

ሰኞ ዕለት ሮንዳ ዊትኮም ፊት ቀጥ ብላ ቆማ የወቀሳ ደብዳቤዋን ሰማች። ሲጨርስ ወረቀቱን ገፋላት።

«ትክክል ስለሆንሽ ብቻ ነፃ የምትወጪ መስሎሽ ነበር?»

«አልመሰለኝም ጌታዬ። ወቀሳው ይድረሰኝ።»

«መልስ ለመጻፍ ሦስት ቀን አለሽ።»

«አሁን እጽፈዋለሁ።» እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ከታች አንድ መስመር ጻፈች፦ መንገዱ በሰዓቱ ተከፍቷል፤ ሌላ ጊዜም ቢሆን ይህንኑ አደርጋለሁ።

በግንቦት ዝርዝሩ ወጣ። ስሟ አልነበረበትም። ያን ቀን ጋራዡን ከውስጥ ቆልፋ ብቻዋን ተቀመጠች፤ ኬኒም አላንኳኳም።

በመስከረም ስምምነቱ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። አማዶር የመንገዱን ክፍል እሷ እንድታረቅቀው ሰጣት። «ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሁለቱም መኪኖች ያለ ጣቢያው አዛዥ ፊርማ አይወጡም» ብላ ጻፈች። ዊትኮም ሰርዞ መለሰው። መልሳ ጻፈችው። እንደገና ተሰርዞ መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ያችኑ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ፣ የየካቲቱን የፈረቃ መዝገብ አያይዛ ላከችው። በሁለተኛው ሳምንት ሰነዱ ሲመለስ ስረዛ አልነበረበትም፤ የዊትኮም ፊርማ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱን ሊቀድ እስኪደርስ ተጭኖ የተፈረመ።

ኬኒ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። «ማዕረጉስ?» አለ።

«ማዕረጉማ ቀረ።»

«ይቆጭሻል?»

«በጣም» አለች ሮንዳ። ከዚያ የሥራ ልብሷን ዚፕ ዘጋችና የአካፋውን ማጠፊያ ቅባት ልትቀባ ከመኪናዋ ሥር ገባች።