የሙሽሪት ጥፋት

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ሙሽሪት ያለቻት ስለምትወዳት እንዳይመስላችሁ። ካልተለመነች፣ ካልተደባበሰች፣ አንዳንዴም ሰው ተሰብስቦ ከኋላ ካልገፋት ከግቢ ስለማትወጣ ነው። ቀለሟ እዚህም እዚያም የተላላጠ፣ አንዱ በሯ ከውስጥ ብቻ የሚከፈት አሮጊት መኪና ናት። ደግሞ የሰው ፊት ታያለች። የልብስ ሰፊዋ ባል ዳቦ ሊገዛ ወይም ጎማ ንፋስ ሊያስሞላ ሲወጣ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። እሷ ለቁም ነገር ስትፈልጋት ግን ኧኸ ኧኸ ኧኸ ብላ ሳሏን ትለቅባታለች። ከዚያ ወዲያ ማን ወንድ ያስነሳታል?

ጨርቅ በጅምላ ልትገዛ መሃል ከተማ ለመውረድ በተሰናዳችበት ቀን ሙሽሪት እምቢ አለች። እህቷ አዲስ ቤት ገብታ "መጥተሽ እዪልኝ እንጂ" እያለች ስትወተውታት ከርማ፣ ስጦታው ተጠቅልሎ ኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ እምቢ አለች። እህቷ ነገሩን ቅናት አድርጋ ወሰደችውና እስከዛሬ ስልክ የምታነሳው በግድ ነው። ጡረተኛዋ ነርስ ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "ይቺ መኪና እኮ ምቀኛሽ ናት! አንቺ ልትነሺ ስትይ ትተኛለች" ትላት ነበር። ልብስ ሰፊዋም ምቀኛዋን በእርግጫ ትላትና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

በዚያ ቤት የምታምፀው ሙሽሪት ብቻ አይደለችም። ልጇ አግብታ ስትሄድ ትታላት የሄደችው ኮምፒውተር፣ የልብስ ንድፍ ልትልክ በቸኮለች ሰዓት ድርቅ ብሎ ያፈጥባታል። የልብስ ማጠቢያውን ደግሞ አለቃ ትለዋለች፤ ከሚሠራው የሚጮኸው ስለሚበልጥ። ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም ጋር ትጣላለች። ትሰድባቸዋለች፣ በጥፊ ትላቸዋለች፣ ሲብስባት ደግሞ ታባብላቸዋለች። የማትጣላው ከባሏ ጋር ብቻ ነው፤ ለጠብ የሚሆን ነገር ሰጥቷት አያውቅማ።

ባልየው የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው። እሷን "እሜቴ" ነው የሚላት። ልትሄድ ያሰበችበትን ቦታ ሁሉ "ሂጂ እንጂ እሜቴ፣ ምን ቸገረሽ!" ይላታል። ሙሽሪት ስታምፅም ኮፈኑን የሚከፍት፣ ከስሯ የሚጋደም፣ እጁ በግራሶ እስኪጠቁር የሚታገልላት እሱ ነው። ሌሎች ሴቶች በባሎቻቸው ሲማረሩ እሷ ዝም ብላ መርፌዋን የምትሰካው ለዚህ ነበር።

የአምናው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ የሙያ ማሠልጠኛ የልብስ ቅድ መምህር ፈልጎ፣ ዳይሬክተሯ "አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምረው ያሳዩን" ብላ ጠራቻት። ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን የፈጀችው የሰው ወገብ ስትለካ ነው። መምህርት ተብላ ጠመኔ መያዝ፣ ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛው የኖረችው ምኞት ነበር። በዚያ ጠዋት ዝናብ ይጥላል። ሙሽሪት ሳሏን ለቀቀችባት። ባልየው ኮፈኑ ስር ገባ፤ እሷም እንዳይበሰብስባት ጃንጥላ ይዛ ከላዩ ቆመች። "አሁን ትነሳለች፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ ታገሺኝ" ሲላት፣ ያንን ሰው ዝናብ ላይ ጥላ ታክሲ ፍለጋ ለመሮጥ አንጀቷ አልቆርጥ አለ። በመጨረሻ በእግሯም በታክሲም ደርሳ የክፍሉን በር ስታንኳኳ፣ ሌላ ሴት ሰሌዳው ላይ እጅጌ እየሳለች ነበር። ቤቷ ተመልሳ ስታለቅስ ባልየውም አብሯት አለቀሰ።

ዘንድሮ ያቺ መምህርት ሥራ ለቀቀችና ዳይሬክተሯ እንደገና ደወለች። "ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት። እባክዎን በሰዓቱ ይድረሱልኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ልጠራዎት አልችልም" አለቻት። ባልየው ይህን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። "አየሽ፣ የአንቺ የሆነ የትም አይሄድ!" አላት።

ሰኞ ዕለት አለቃ ሸሚዞቹን እያሽከረከረ ገጭ ገጭ ይል ጀመር።

"አንተም ቀን ጠብቀህ ነው?" አለችው። አጥፍታው፣ ከእግሩ ስር ያለችውን ትንሽ በር ከፈተች፣ ዝርግ ሳህን ደቀነችና ማጣሪያውን አወጣች። ጥቁር ውሃ ተንዶለዶለ። ከውሃው ጋር አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የዛገ ሳንቲምና ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ ነገሮች ወጡ፤ ከጥፍር የማይበልጡ፣ ሁለት ሁለት የብረት እግር ያላቸው። አለቃ ጥርሱ የወለቀ መሰላትና ደነገጠች። በመሃረብ ጠቅልላ መንገዱ ጥግ ላይ ወዳለው የማሽን ጠጋኝ ሄደች።

ጠጋኙ አንዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አነሳውና ሳቀ።

"እትዬ፣ ይሄ የልብስ ማጠቢያ ዕቃ አይደለም። የመኪና ፊውዝ ነው። ደግሞ አልተቃጠሉም፣ ደህና ናቸው። ለመሆኑ ኪሱ ፊውዝ የሚያበቅለው ማነው?"

"እኔ እንጃ!" ብላ እሷም ሳቀች። ሳቁ ግን ቤቷ ድረስ አልሸኛትም።

ኪስ። ልብስ ሰፊዋ ለሰው ስንቱን ኪስ ሰፍታ ለራሷ ቀሚስ አንድ ኪስ አበጅታ አታውቅም። በዚያ ቤት ኪስ ያለው የአንድ ሰው ልብስ ነው። የሸሚዞቹን የደረት ኪስ የሰፋችለትም ራሷ ናት፤ ጎንበስ ሲል መነጽሩ እንዳይወድቅበት ብላ ክዳንና ቁልፍ አድርጋለት።

ባልየው ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቷል። ሙሽሪት ውስጥ ገብታ ከመሪው ስር ያለችውን ክዳን ፈልጋ አገኘች። ከክዳኗ ጀርባ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ፤ መብራት፣ ጡሩምባ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ አንዱ የነዳጅ መቅጃ። ንድፍ ማንበብ ሥራዋ ነው። በነዳጁ ሥዕል ቦታ የተሰካውን ሰማያዊ ፊውዝ በክር መልቀሚያ ወረንጦዋ ነቀለችና ቁልፉን አዞረች። ኧኸ ኧኸ ኧኸ። ያው ሳል። መልሳ ሰካችው። ሙሽሪት ሳትለመንና ሳትደባበስ ተነሳች። ደግማ ነቀለች፤ ሳል። ደግማ ሰካች፤ ተነሳች።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ያን ሁሉ ጊዜ የሰደበቻት፣ የረገጠቻት፣ ለጎረቤት ያማቻት መኪና አንድም ጥፋት አልነበረባትም። "ይቅር በይኝ" አለቻት፣ መሪዋን እየደባበሰች።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ሰው ሚስቱን "አትሂጂብኝ" ማለት አቅቶት መኪና ያሽመደምዳል? ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ ይረሳዋል፣ ሌላ ይገዛል። እሷ ደግሞ ሸሚዙን ሰብስባ ለአለቃ ትሰጣለች። የክህደቱን ማስረጃ በገዛ እጇ፣ በገዛ ሳሙናዋ ስታጥብለት ኖራለች። ከሁሉ ከሁሉ ያንገበገባት ግን ጃንጥላው ነው። ፊውዙን ደረቱ ላይ ቆልፎ የሌለ ብልሽት ሲፈልግ፣ እሷ እንዳይበርደው ብላ ከላዩ ቆማለት ነበር። "ወገቤን" ሲላት ቅባት ያሸችው እሷ ናት። እህቷንም ያጣችው በዚሁ ነው።

ሲመለስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ፈርታው አይደለም። ምናልባት የአምናው ለቅሶዋ አንጀቱን በልቶት፣ ዳግመኛ ላያደርገው ለራሱ ምሎ እንደሆነስ ብላ ነው። ሰው ሲወድ ተስፋው ቶሎ አይሞትለትም። ሐሙስን ልትጠብቀው ቆረጠች። ለማሠልጠኛው ብላ በጀመረችው አዲስ ቀሚስ ጎን ላይ ኪስ ሰፋችና አንዱን ፊውዝ እዚያ ከተተችው።

"እባክህ አታስፈልገኝ" አለችው።

ማክሰኞ ጎረቤቷ ቀሚሱን ልታይ ብቅ ብላ፣ ባልየውን መስታወት ሲወለውል አየችው። "ይሄን ባልሽን ጠብቂው፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ወንድ ከየት ይገኛል?" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ የነበረውን ስፒል አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች። ረቡዕ ደግሞ ጫማዋን ራሱ ጠረገላት። "ነገ ተማሪዎቹን ጉድ ታሰኛቸዋለሽ፤ እሜቴ መምህርት!" ሲላት ሳቋ አመለጣት። በጠረጠረችው አፈረች። እንዲያውም ያን ቀን ከወትሮው አብልጣ ወደደችው።

ሐሙስ ጠዋት፣ "አንቺ ሻይሽን ጠጪ፤ እኔ ሞተሩን ላሙቅልሽ" ብሎ ወጣ።

ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋን ጣለች። ሙሽሪት በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ጥቂት ሠራች፤ ጠፋች። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ለቀቀች። ባልየው እያንጎራጎረ ተመለሰ።

"ሞቀች?"

"እንደ እሳት! ዛሬስ አታሳፍርሽም።"

ቀና ብላ አየችው። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። የደረት ኪሱ ግን ተቆልፏል።

ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ኧኸ ኧኸ ኧኸ።

"ኧረ ይቺ ምቀኛ!" አለ ባልየው፣ ጭንቅላቱን ይዞ። "በዛሬ ቀን? ቆይ፣ ቆይ እሜቴ።" ወዲያው ኮፈኑን ከፈተው።

"ታክሲ ብፈልግ ይሻለኝ ይሆን?" አለችው በመስኮቱ። የመጨረሻ ዕድል መስጠቷ ነበር። ሂጂ ቢላት እንኳ፣ ትንሽ ነገር ይተርፋቸው ነበር።

"አሁን ትነሳለች፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ ታገሺኝ።"

ቃሉ እንኳ የአምናው ነው። አልቀየረውም።

ከመሪው ስር ያለችውን ክዳን ከፈተች። ቦታው ባዶ ነው። ከኪሷ ፊውዙን አውጥታ ሰካችና ቁልፉን አዞረች። ሙሽሪት ዘራፍ ብላ ተነሳች። ባልየው ደንግጦ ቀና ሲል አናቱ ከኮፈኑ ጋር ተጋጨ። ዞሮ መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ምንም ሳይነካካ እጁን ግራሶ ቀብቶታል። በዚያው እጁ የደረት ኪሱን ዳበሰ፤ የእሱ ፊውዝ አሁንም እዚያው አለ። ከዚያ የእሷን አዲስ ኪስ አየ። ሁሉም ገባው።

"ልጃችንም ሄደች" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "አንቺም የሥራ ሰው ከሆንሽ… ቤቱ ባዶውን ሲውል እኔ…"

"አትሂጂ ብትለኝ እኮ እንጣላ ነበር" አለችው። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልጠነከረላትም። "ተጣልተን ደግሞ እንታረቅ ነበር።"

"እሜቴ…"

"ኮፈኑን ዝጋልኝ።"

ዘጋው። ከመንገዷም ዞር አለላት።

ሙሽሪት መንገዱን ሁሉ አንዴም አላሳለችም። ዳገቱን ወጣች፣ መብራቱ ላይ ቆማ ጠበቀች፣ ከአውቶቡሶች መሃል ተሹለክልካ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማሠልጠኛው ግቢ አደረሰቻት። በመስኮቱ በኩል ተማሪዎቹ ወንበር ሲይዙ ይታያሉ፤ ሰሌዳው ተጠርጓል። ስታልመው የኖረችው ጠዋት ነው። ደስ ይለኛል ብላ ያሰበችውን ያህል ግን ደስ ሊላት አልቻለም። ሞተሩን አጥፍታ ግንባሯን መሪው ላይ ደገፈች።

"ምናለ ሙሽሪት" አለቻት፣ "ከዚያ ሁሉ ቀን አንዱን እንኳ እውነት ተበላሽተሽ ቢሆን ኖሮ!"

ፊቷን ጠረገች። መቀሷንና ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ልትወርድ ስትል ከመሪው ስር ያለችውን ክዳን ከፍታ ፊውዙን ነቀለች፣ አዲሱ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ በሩንም ዘግታ ወደ ክፍሉ ሄደች።